አክሱም ወይስ ባሕር ዳር? ከጅማ ለሚነሣ መንገደኛ የጊዜና የቅርስ ንጽጽር

በጅማና በዙሪያዋ ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) ከማድረቂያ አልጋ ተነሥቶ ወደ ገበያ መውጣት ሲጀምር፣ ዓመቱን ሙሉ ሲንከባለል የቆየው የጉዞ ሐሳብ በየቤቱ መነሣቱ የተለመደ ነው። ሐሳቡም ብዙ ጊዜ በሁለት ስሞች ላይ ይቆማል፤ በአክሱምና በባሕር ዳር። አንደኛዋ ሐውልትና ጥንታዊ መቃብር የሞላባት የነገሥታት ከተማ፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ጣናን ተንተርሳ የተቀመጠች የሐይቅ ዳር ከተማ ስትሆን፣ ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ማዳረስ ለደመወዝተኛም ሆነ ለገበሬ ስለማይቀልል ምርጫ ግድ ይላል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ከተሞች በጊዜና በቅርስ እያነጻጸረ ምርጫውን ለማገዝ የተዘጋጀ ነው። ጊዜን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅርሱ በተቀመጠበት ይጠብቃል፤ ጉዞ ሲያበላሽ ያየሁት ግን በአብዛኛው የሰዓትና የቀን ስሕተት ነው።

ሰዓቱ አንድ ነው፣ ጀንበሯ ግን ትለያያለች

ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን አስቀድመው የሚጠይቁት አክሱምና ባሕር ዳር የሰዓት ልዩነት እንዳላቸው ነው። የላቸውም። መላ ኢትዮጵያ የምትጠቀመው አንድ የሰዓት ቀጠና ሲሆን፣ እርሱም ከግሪንዊች ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ እንደሚደረገው በዓመት ሁለት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ የሚገፋ ሰዓትም የለንም። ስለዚህ ጅማ ላይ የተሞላ የእጅ ሰዓት አክሱምም ሆነ ባሕር ዳር ሲደርስ የሚነካው ነገር የለም።

ጀንበር ግን ለቀጠና አትገዛም። የእኛ ሰዓት የተለካው በ45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ሲሆን፣ ሦስቱም ከተሞች ከዚያ መስመር በስተምዕራብ ይገኛሉ፤ ከመስመሩ በራቁ ቁጥርም ለእያንዳንዱ ዲግሪ ፀሐይ በ4 ደቂቃ ትዘገያለች። በዚህ ስሌት ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በዓመቱ አማካይ ጅማ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ33 ደቂቃ፣ ባሕር ዳር ላይ 6 ከ30፣ አክሱም ላይ ደግሞ 6 ከ25 ገደማ ነው። ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ ነገር ግን አክሱም ከጅማ ወደ ሰሜን የራቀች በመሆኗ የቀኑ ርዝመትም ሲጨመርበት፣ በታኅሣሥ ወር ጀንበር አክሱም ላይ ከጅማ በ20 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትጠልቃለች። በባሕር ዳርና በጅማ መካከል ያለው ልዩነት በዚያው ወር ከዚህ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ሐውልቶቹን በመጨረሻው የምሽት ብርሃን ፎቶ ለማንሣት ያሰበ ሰው በጅማ ልማድ ተዘናግቶ 12 ሰዓት ላይ ቢደርስ የሚያገኘው ድንግዝግዝ ነው። በሰኔ ነገሩ ይገለበጥና ጎሕ የሚቀደው በአክሱም ቀደም ብሎ ይሆናል።

የከፋው ችግር ያለው በሁለቱ የሰዓት አጠራሮች ላይ ነው። የአውሮፕላን ትኬት የሚጻፈው ቀኑን ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው አቆጣጠር ስለሆነ 7 ሰዓት ተኩል ተብሎ የተጻፈው የጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ጀልባ ነጂው፣ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይና የቤተ ክርስቲያኑ አስጎብኚ ግን የሚናገሩት በእኛው ሰዓት ነው። ከሚኒሶታ የመጣ የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር ላይ «ጀልባው በሁለት ሰዓት ይነሣል» ሲባል፣ ልጅነቱን ጅማ ያሳለፈ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ኮፍያውን አድርጎ ወደቡ ላይ ተገኘ። ጀልባው ሄዷል፤ ሐይቁም በነፋስ ተነሣስቶ ማዕበሉ ድንጋዩን ይመታ ነበር። በዚያን ቀን ያየው ገዳም የለም። ከዚያ ወዲህ ለእንግዳ ቀጠሮ ስሰጥ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን «ቁርስ እንደበላን» ወይም «ከምሳ በኋላ» የሚል ቃል ሳልጨምር አላልፍም።

ሌላው ወጥመድ የሌሊት በረራ ነው። በእኛ አነጋገር «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» የምንለው በትኬት ላይ ረቡዕ 1 ሰዓት ሆኖ ይጻፋል። ትኬቱን አይቶ «ረቡዕ ነው» ብሎ የተኛ ቤተሰብ፣ ረቡዕ ማታ እንግዳውን ለመቀበል ቦሌ ሲደርስ እንግዳው ሙሉ ቀን አሳልፏል። ከሚኒሶታ ጋር በስልክ ለሚቀጣጠር ሰው ልዩነቱ በኅዳርና በጥር 9 ሰዓት፣ በሰኔ ደግሞ 8 ሰዓት መሆኑን ማስታወስ ይበቃል፤ ጅዳና ሪያድ ካለ ዘመድ ጋር ግን ምንም ልዩነት የለንም፤ ዱባይም የምትቀድመን በአንድ ሰዓት ብቻ ነው። (ለጨዋታ ያህል፦ ሰዓቱ ላይ የሚያየው ቁጥር እኛ ከምንጠራው ጋር የሚገጥምለት የሳኦ ፓውሎ ሰው ነው። እኛ ጠዋት 2 ሰዓት ስንል የእርሱ ሰዓትም 2 ያሳያል፤ ለእርሱ ግን ገና ሌሊት ነው። የቡና ተፎካካሪያችን ብራዚል በሰዓት ቁጥር ከእኛ ጋር መስማማቷ ያስገርማል።)

ኅዳርና ጥር

ለጅማ ሰው ምርጫውን የሚወስነው ግን ከሰዓቱ ይልቅ የቀን መቁጠሪያው ነው። የአክሱም ታላቁ በዓል ኅዳር 21 ቀን የሚከበረው የጽዮን ማርያም ንግሥ ሲሆን፣ ከተማዋን በሙሉ ክብሯ ማየት የሚፈልግ ሰው ለዚያ ቀን ቢደርስ ይመከራል። ችግሩ ኅዳር በእኛ አገር ለቀማ የሚጧጧፍበት ወር መሆኑ ነው። እሸቱ ቀልቶ ለቃሚ ሲጠበቅ፣ የማድረቂያውም አልጋ በየሰዓቱ የሚያገላብጠው እጅ ሲሻ፣ የቡና ቤተሰብ ለአንድ ሳምንት ቤቱን ዘግቶ ወደ ትግራይ መሄድ አይሆንለትም። ከዚህም ሌላ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ በዓሉ የሚውለው በጾም ውስጥ ነው።

ጥምቀት ግን ጥር 11 ላይ ይውላል፤ ለቀማው አብዛኛው ተጠናቋል፤ ገናም አልፎ ጾሙ ተፈቷል። ጥምቀት በመላ አገሪቱ ቢከበርም፣ ታቦት ወደ ውኃ በሚወርድበት በዓል ላይ ሐይቅ ያላት ከተማ የራሷ ድምቀት አላት፤ ከበዓሉ ማግሥትም ሐይቅ ዳር ተቀምጦ የጣና ቆሮሶ ወይም አምባዛ መብላት ይቻላል።

ውጭ ካለ ዘመድ ጋር ቀን ሲቆረጥ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ኅዳር 21 በፈረንጆቹ ኖቬምበር 30፣ ጥር 11 ደግሞ ጃንዋሪ 19 ላይ የሚውል ቢሆንም፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ሁለቱም በአንድ ቀን የሚገፉ መሆናቸው ነው። የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች የ2016ቱ ጥምቀት በእነርሱ ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር፤ የ2020 ዓ.ም. ጥምቀትም እንዲሁ በጃንዋሪ 20 ይውላል።

አክሱም፦ ድንጋይ የያዘው ታሪክ

አክሱም እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ስትሆን፣ የሐውልቶቹ መስክ ከከተማዋ መካከል በእግር የሚደረስበት ነው። ወደ መስኩ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በቆሙት ላይ ቢሆንም፣ እኔን ያስደነገጠኝ የወደቀው ነው። 33 ሜትር ርዝመትና ወደ 520 ቶን የሚገመት ክብደት ያለው ይህ አንድ ወጥ ድንጋይ ተሰባብሮ ተጋድሟል፤ ሊቃውንት ምናልባት ገና ሲያቆሙት እንደወደቀ ይገምታሉ። በመውደቁ አንድ ጥቅም አለው፤ ሌላውን ሐውልት አንገት ቀና አድርጎ ከሩቅ ማየት ግድ ሲሆን፣ እዚህ ግን ጎንበስ ብሎ ከግንዱ ላይ የተቀረጹትን መስኮቶች፣ የወለል መለያ ረድፎችና «የጦጣ ራስ» የሚባሉትን ክብ የወጋግራ ጫፎች በቅርብ መመርመር ይቻላል። ድንጋይ ጠራቢዎቹ የእንጨት ቤት አሠራርን ምንም ሳያስቀሩ ወደ ድንጋይ ገልብጠውታል። የድንጋዩ ምንጭ ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው የጎበድራ ኮረብታ ሲሆን፣ ይህን የሚያክል ሸክም ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደተጎተተ ማሰላሰል በራሱ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

24 ሜትር ቁመት ያለው ሐውልት ደግሞ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ተወስዶ ሮም ላይ ሲኖር፣ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተቆርጦ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይም በቦታው ቆመ። የተቆረጠበትን መጋጠሚያ አስተውሎ ላየ ዛሬም ይለያል።

የዒዛና የድንጋይ ጽሑፍ መታለፍ የለበትም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ይህ ንጉሥ ድሉን በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ አስቀርጿል። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ወላጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም፤ ዛሬ በደብተራቸው የሚጽፉትን ፊደል ከድንጋዩ ላይ አንድ ሁለት እያሉ ይለያሉ። በሙዚየም የሚገኙ የአክሱም ሳንቲሞችም እንዲሁ ናቸው፤ ከዒዛና ክርስትና መቀበል በፊት ጨረቃና ክብ ምልክት የነበረበት ቦታ ከዚያ በኋላ በመስቀል ተተክቷል።

ስለ ጽዮን ማርያም አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው፣ አፄ ፋሲል እንዳሠሩት ወደሚነገረው አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ሴቶች የማይገቡ መሆኑ ነው፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወደተሠራው ሰፊው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ግን ሁሉም ይገባል። ታቦተ ጽዮን እንዳለበት ወደሚታመነው የጸሎት ቤት ከጠባቂው መነኩሴ በቀር ማንም አይገባምና፣ «እናየዋለን» ብሎ የሚሄድ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እንደሚመለስ ይወቅ። የንግሥት ሳባ ቤተ መንግሥት እየተባለ የሚጠራው የዱንጉር ፍርስራሽም፣ አርኪዮሎጂስቶች እንደሚሉት ከሳባ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተሠራ ነው። ወደ ሳባ ዘመን ለመጠጋት የሚሻ ከአክሱም 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የየሐ ቤተ መቅደስ ይሂድ።

በጅማ ብዙ ሙስሊም አንባቢዎች ስላሉ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጠለሉት በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ቢሆንም፣ የአል ነጃሺ መስጊድ የሚገኘው በአክሱም ከተማ ሳይሆን በመቀሌና በአዲግራት መካከል፣ ከውቅሮ በስተሰሜን ባለችው ነጋሽ ነው። ለዚያራ የሚሄድ ሰው መነሻውን መቀሌ ቢያደርግ ይሻለዋል፤ አክሱም አርፎ ደርሶ መልስ መሞከር ቀኑን በመንገድ መጨረስ ነው።

ባሕር ዳር፦ ውኃ የከበበው ታሪክ

የባሕር ዳር ቅርስ ከተማው ውስጥ አይደለም። ከተማዋ ራሷ ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ያሏት አዲስ ከተማ ናት፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይም የዚህ አዲስነቷ ምልክት ነው። ቅርሱ ያለው ሐይቁ ላይ ነው። ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ሲሆን፣ ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ደሴቶቹም በተለምዶ 37 ናቸው ይባላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ አሣ አስጋሪውን ቢያስጨንቅም፣ ከደንገል ታስሮ የሚሠራው ታንኳ ዛሬም ከሞተር ጀልባው ጎን ሲቀዘፍ ይታያል።

ለጅማ ሰው ከሁሉ በላይ የምመክረው የዘጌ ልሳነ ምድር ነው፤ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። የዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ ሰባ ስምንት ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ የዳነው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ሳይቀር ይገኝበታል። እኛን ያቆየን ግን ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው የእግር መንገድ ነበር፤ ግራና ቀኙ ቡና ነው። በዘጌ ማረስም ሆነ ትልልቅ እንስሳት ማርባት በትውፊት የተከለከለ በመሆኑ ደኑ ተጠብቆ ኖሯል፤ ቡናውም ያለው በዚሁ ደን ጥላ ሥር ነው። አባ በትረ ማርያም የተባሉት መሥራች ቡናን ለቦታው እንዳስገኙ ይነገራል። እናቴ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከቡና ጋር የኖረች ሴት፣ አንዱን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርጋ የቀረውን ፍሬ በአውራ ጣቷ ጨመቅ አድርጋ አየችና «ጥላው በዝቶበታል፣ የእኛ ቢሆን ይገረዝ ነበር» አለች። አስጎብኚው ልጅ ከመቅደሱ ሥዕል ይልቅ ስለ ጥላ ዛፍ አጥብቃ የጠየቀችው ጎብኚ እርሷ መሆኗን ነገረን። እኔም እንደማስበው ሥዕሉን ማንም ያይላችኋል፤ ያንን ቡና ከራሱ ጓሮ ጋር እያስተያየ ሊያይ የሚችለው ግን የእኛ አገር ሰው ነው።

የሴቶች መግቢያ ጉዳይ እዚህም አለ፣ እንዲያውም ይበረታል። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ የወንዶች ገዳማት ናቸው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና፣ እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት አጠገብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው። የእነ አፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም ባለበት ዳጋ እስጢፋኖስ ለመድረስ በጀልባ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚጓዝ፣ እናትና እኅት ያሉበት ቤተሰብ ያን ሁሉ ውኃ አቋርጦ ግማሹን ወደቡ ላይ ከሚያስቀምጥ ዘጌን ቢመርጥ ይሻላል። የጀልባው ኪራይ ለብቻ፣ የየገዳሙ መግቢያ ለብቻ የሚከፈል መሆኑም ይታወቅ።

በባሕር ዳር ትልቁ አለቃ ነፋስ ነው። ሐይቁ ጠዋት እንደ መስተዋት ረግቶ ከሰዓት በኋላ ይነሣሣልና፣ የጀልባ ጉዞ ከጠዋቱ 1 እና 2 ሰዓት መካከል ተጀምሮ እስከ ምሳ ቢጠናቀቅ መልካም ነው። አክሱም ላይ እንዲህ ያለ ጥድፊያ የለም፤ ሐውልት ነፋስ አይፈራም።

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ውኃው በከፊል ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ፣ በነሐሴና በመስከረም የሚያስገመግመው ፏፏቴ በጥር ይቀጥናል። ጥምቀትን ብሎ የሄደ ሰው ፏፏቴውን በሙሉ ግርማው አያገኘውም።

መንገድና ቀን

የጅማ መንገደኛ ወደ ሁለቱም የሚሄደው በአዲስ አበባ በኩል ነው። በመኪና ጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከዚያ ባሕር ዳር 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ አክሱም ደግሞ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ነው። በበደሌ፣ ነቀምቴና ቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር የሚወጣው መንገድ ካርታ ላይ ሲያዩት ያጓጓል፤ ካርታ ግን የጸጥታ ሁኔታን አይጽፍም። ባለፉት ዓመታት በአማራም በትግራይም ክልል በደረሰው ግጭት ምክንያት የመንገዱም የበረራውም ነገር ሲለዋወጥ ቆይቷልና፣ ትኬት ከመቁረጥ በፊት በዚያው ከተማ ለሚኖር ሰው ደውሎ መጠየቅ የግድ ነው።

ከጅማ ወጥቶ እስኪመለስ አምስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ባሕር ዳርን ይምረጥ፤ ሁለት ጠዋት ሐይቁ ላይ፣ አንድ ከሰዓት ጢስ ዓባይ ይበቃዋል። የከፍታዋም ነገር ከጅማ ጋር ስለሚቀራረብ ልብስና ሰውነት አይቸገርም። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለምትገኘው አክሱም ግን ጋቢ መያዝ አይከፋም። ሙሉ ሳምንት ያለው፣ በአውሮፕላን መሄድ የሚችልና ከመልክዓ ምድር ይልቅ ታሪክ የሚስበው ሰው አክሱምን ቢመርጥ አይቆጨውም፤ በተለይ አንድ ቀን ለየሐ ከተረፈው።

ሁለቱንም በተለያየ ዓመት ለማየት ያሰበ ቅደም ተከተሉን ከትውፊቱ ሊወስድ ይችላል። እንደሚነገረው ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት 800 ዓመት ያህል በጣና ቂርቆስ ደሴት ቆይታለችና፣ መንገዱ ከሐይቅ ወደ ሐውልት ነው። የእኛ ቤትም ሳያውቀው በዚያው ሄዷል። አሁን አክሱም ቀርቶናል፤ የአክስቴ ልጅ ፈቃድ የሚያገኘው በኖቬምበር መጨረሻ ስለሆነ ለኅዳር 21 እንሂድ ይላል፤ እናቴም አልተቃወመችም፤ የጠየቀችው ያን ሳምንት አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ማን እንደሚያገላብጥ ብቻ ነው።